ወንድሜ ይሙት

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ሙች ስንል ለምንድነው ፊትሽ የሚጠቁረው? ንገሪና» ብለው ስለያዙኝ ነው የማወራው። ትናንት ትልቋ፣ ሜሮን፣ ከወልቂጤ ገበያ መጥታ ሙች ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ሙች ባጃጅ ጠፋ፣ ሙች ደከመኝ እያለች ቃሏን በየመሀሉ እንደ ሚጥሚጣ ስትነሰንስ፣ «ለመሆኑ ማን ነው የሚሞተው?» ብላት፣ «ኧረ ማንም፤ ዝም ብሎ አባባል ነው» አለችኝ።

እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

በንጉሡ ጊዜ፣ ቡታጅራ ሳለን፣ ጎረቤታችን ከሰሜን የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ አማርኛ የለቀምኩት ከልጆቻቸው ጋር ገበጣ ስጫወት ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ መሐላቸውን። «ወንድሜ ይሙት» ሲሉ አፋቸው ላይ ያምር ነበር። በጉራጊኛ ልበል ብል ምላሴ እሺ አይለኝም፤ የሰው ቋንቋ ግን እንደ ውሰት ነጠላ ነው፣ ትከሻ ላይ አይከብድም።

እናቴ ክረምቱን ሙሉ ለመስቀል ያጠራቀመችውን ቅቤ በማሰሮ ሞልታ፣ በእንሰት ቅጠል ከድና ጓዳ አኑራው ነበር። እኔም ጣቴን ስሰድ፣ ስሰድ፣ መሀሉ ጎደጎደ። ለብቻዬ ጠርታ ብትጠይቀኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ በአማርኛ «ወንድሜ ይሙት፣ አልነካሁም» አልኳት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ያቺ መሐላ ግን ገባቻት። ማሰሮውን መልሳ ከደነችው።

ሳምንት ሳይሞላ ታላቅ ወንድሜ ደገፉ በወባ ወደቀ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርበንለት አልጋው ይንቀጠቀጣል። ገደልኩት ብዬ እህል አስጠላኝ፤ የማደርገው ቢጠፋኝ ወደ ጸሐፊው ሚስት ሮጥኩ።

«እትዬ ዘነበች፣ ይሙት ያሉት ሰው እንዴት ይመለሳል?»

ትስቅብኛለች ስል አልሳቀችም። «ሂጂና ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት። ሌላ መመለሻ አላውቅም» አለችኝ።

ነገርኳት፤ በጉራጊኛ፣ አንድ በአንድ። «ቅቤ ይተካል፣ አፍሽን ግን ጠብቂው» አለችና ወደ በሽተኛ ልጇ ዞረች። በሦስተኛው ቀን ደገፉ ቀና ብሎ ቆጮ ጠየቀ። የዚያ ዓመት ክትፏችን ደረቅ ያለ ነበር፤ ማንም አላማረረም።

ያኔ አንዲት ቃል ቤት ሙሉ ሰው ዝም ታሰኝ ነበር፤ ዛሬ ባጃጅ እንኳ አታስቆምም። ቢሆንም አልከፋኝም። ባለፈው የሜሮን ታናሽ ሲያተኩሰው፣ ያቺ ሙች የማይለያት ልጅ ግንባሩን ይዛ «ይማርህ» ስትል ድምጿ ዝቅ ብሎ ሰምቻለሁ። ሲቸግራቸው ቃሉ የት እንዳለ ያውቁታል።

ደገፉ ልጁን የዳረ ዕለት፣ ሁለታችንም ሸብተን ጥግ ይዘን ስንጫወት፣ ይህንን የቅቤ ነገር አነሳሁበት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ለካ እሱም ከዚያው ማሰሮ ሲልስ ከርሞ፣ እናታችን ለብቻው ስትጠይቀው «እህቴ ትሙት» ብሎ ምሎላት ኖሯል።

«ብርዱ ሲይዘኝ እኮ ደስ ነው ያለኝ» አለኝ፤ «አንቺን ስቶ እኔን አገኘኝ ብዬ።»