ማን አወረደው?

ባለፈው እሁድ አባቴን ሳን ሆዜ ወዳለው የእድር ስብሰባ ላደርሰው መኪናው ውስጥ ስገባ፣ ያ የቫኒላ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ድሮ ታክሲ ሲነዳም መስታወቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ይህንኑ የመኪና ሽቶ ነበር።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኦክላንድ ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ወረፋ የሚጠብቁበት ቦታ ቆመናል። አባቴ የአሜሪካ ዜግነት፣ የሲትዝንሺፕ ፈተና ስላለበት ጥያቄዎቹን ከካርድ ላይ የማነብለት እኔ ነኝ። ጓደኛው ጋሽ ተክሌ መስኮቱን ተደግፎ ያዳምጣል።

«የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እኮ ሁለት ዙር ሠርቶ እርሻው ገባ» አለው አባቴ።

«ማን አወረደው?»

«ኖባዲ፣ ጋሼ» አልኩት። «ሂ ጀስት ዌንት ሆም።»

«ታሞ ነው?»

«ኧረ ደህና ነበር» አለ አባቴ። «ጦሩም ሕዝቡም ይወደዋል። ሕገ መንግሥቱም ያኔ ስንት ዙር እንደሚሠራ አልገደበውም።»

ጋሽ ተክሌ ቆቡን አወለቀ። «እኛ ያየነው ሁሉ ወይ ሞቶ ወይ ሸሽቶ ነው ወንበር የሚለቀው።»

ሰው ቤቱ ስለገባ ምን እንዲህ እንደሚያስደንቅ አልገባኝም። ወረፋችን ደርሶ ከኋላ ክላክስ ሲያደርጉብን እንኳ አልሰሙም።

ባለፈው እሁድ ስብሰባው ላይ አባቴ የእድሩ ሊቀመንበር ሆኖ ሁለተኛውን ዙር ጨረሰ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀጥሉልን!» ብለው ሁሉም ለመኑት። እሱ ግን የእድሩን ማኅተም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» አለች ጸሐፊዋ።

«ኧረ ደህና ነኝ» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «ነይ፣ ቤቴ አድርሺኝ።»