ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ሳላ

አቶ ፀሐዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጡ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሳያዩ ያለፉበት ሳምንት የለም። በበሩ ግን አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። ባቡሩ በፓርኩ በኩል ሲያልፍ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሳላዎቹን ያያሉ። ረጅም ቀጥ ያለ ቀንዳቸውን ወድረው፣ ጥቁርና ነጭ ፊታቸውን ወደ ባቡሩ አዙረው የሚቆሙ ግርማ ያላቸው የዱር እንስሳት ናቸው። ትንሽ ካዩ በኋላ ሥራ አለና ወደ ፉርጎው ይመለሳሉ።

የመጀመሪያውን ዕቃ ያገኙት ከወንበር ሥር ነው። አንድ ፈረንጅ የፓርኩን የመግቢያ ትኬት ጥሎ ወርዷል፤ በንጉሡ ጊዜ የታተመ፣ ዘውድ ያለበት። ሰው ገብቶ ያየበትን ወረቀት እንዴት ይጥላል ብለው ተናደዱና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነባቸው። የጥበቃ ሠራተኞች የናስ አርማ፣ ዋልያ ያለበት ፖስትካርድ፣ የደርግ ጊዜ ትኬት፣ የባሌ ቀይ ቀበሮ የተሳለበት የሸክላ መተርኮሻ፣ ብቻ የፓርክ ነገር ከሆነ አቃቂ ያለው የቀበሌ ቤታቸው ይገባል። ግማሹን ያመጣላቸው ጓደኛቸው ደርዊሽ ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር፤ በሄደበት አገር ሁሉ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ አሮጌ ነገር ካየ ሳይለምን አያልፍም።

ከሁሉም ግን አንድ የፓርኩ ፖስተር ይበልጥባቸዋል። አንድ ሳላ ብቻውን ከፈንታሌ ተራራ ፊት ለፊት ቆሟል። አዋሽ ጣቢያ ካለች ሻይ ቤት አራት ዓመት ለምነው ነው ያገኙት፤ የታችኛውን ጠርዝ የሰው ሲጋራ ክብ አድርጎ በስቶታል።

«ሌላው የባቡር ሠራተኛ ከድሬዳዋ ብርድ ልብስና ራዲዮ ያመጣል፤ አንተ የፈረንጅ ቆሻሻ ትለቅማለህ» ይሏቸዋል ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች። እውነትም ለቤቱ ያመጡት ነገር የለም።

በኋላ ባቡሩ ቆመ። እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ከዓመታት በኋላ የገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ። አልጋው ከገባ በኋላ ለሁለት ሰው መተላለፊያ እንኳ የላትም። የአገር ጎብኚ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ከዕቃዎቹ መርጦ ሊገዛ መጣ፤ አባረሩት። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ሁሉም ሳይበታተን አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ «ፀሐዩ የሰበሰቡት» ተብሎ ተጽፎ፣ ተማሪ ቆሞ እንዲያየው። ለአንድ ሰው ዕድሜ ይሄ ብዙ አይደለም።

ይሄን ምኞታቸውን ይዘው በአካባቢው ወዳለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ዘአማኑኤል የሚባል ወጣት ባለሙያ ቤታቸው ድረስ መጣ። እያንዳንዱን ዕቃ በሁለት እጁ እያነሣ፣ «እርስዎ እኮ ራስዎ ቅርስ ነዎት፤ የኤግዚቢሽን ክፍል እየከፈትን ነው፣ የመጀመሪያው ግድግዳ የእርስዎ ነው» አላቸው። እንዲህ ያናገራቸው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሁሉንም፣ ፖስተሩንም ጨምረው፣ በቆርቆሮ ሳጥን ከተው ራሳቸው ተሸክመው ሄዱ። አዳራሽ ውስጥ ለስላሳ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሡ፣ «ላደረጉት ቀና ትብብር» የሚል ወርቃማ ጠርዝና ክብ ማህተም ያለው ሰርተፊኬት ተሰጣቸው። ማታውኑ ስቱዲዮዋ ውስጥ ሰቀሉት።

ደርዊሽ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሰርተፊኬቱን አየና፣ «ሞዴል 19 ቆረጡልህ?» አላቸው። ሞዴል 19 የመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ ሲረከብ የሚቆርጠው ደረሰኝ ነው።

«ሰርተፊኬት ሰጥተውኛል። ማህተም አለበት።»

«እኔ ሲሚንቶ ሳራግፍ እንኳ ሞዴል 19 ሳልይዝ ጎማዬ አይንቀሳቀስም። ፀሐዩ፣ አንተ ነህ ይሄን የምትስተው?»

አቶ ፀሐዩ ራሳቸው አንድ ጊዜ አዋሽ ላይ ዙለይኻ የምትባል ነጋዴን ደረሰኝ የላትም ብለው ሦስት ጆንያ ሽንኩርቷን ከፉርጎ አስወርደውባታል። ስታለቅስ፣ «ወረቀት የሌለው ዕቃ፣ የለም ማለት ነው» ብለዋት ነበር። ለሌላው እንዲህ ጠንቃቃ የነበሩት ሰውዬ፣ በራሳቸው ዕቃ ላይ ሁለት ጣፋጭ ቃል ሰምተው እንደ ልጅ ተታለሉ።

ሰባት ወር ጠበቁ። የተከፈተ ክፍል የለም። ስምንተኛው ላይ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። ዘአማኑኤል ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ፣ ሳፊያ የምትባል ትሁት ሴት፣ መዝገቡን ከፊት እስከ ኋላ ገለጠችላቸው።

«አባባ፣ በእርስዎ ስም የገባ ንብረት የለም።»

«የቆርቆሮ ሳጥን ነው። በእጄ ነው ያስረከብኩት።»

«ሞዴል 19 ይዘዋል?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ምን ላድርግዎት? ወረቀት የሌለው ዕቃ፣ የለም ማለት ነው።»

ሊናደዱባት ፈለጉ፤ አልቻሉም። ያቺ ባለ ሽንኩርቷ ሴት ትዝ አለቻቸውና በቁማቸው አፈሩ።

ወደ በሩ ሲወጡ የማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ደረሱ። አንድ ወፍራም ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ተጽፏል፦ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ስላለ ነዋሪው ሁሉ እንዲገኝ። ንፋሱ የታችኛውን ጠርዝ ከፕላስተሩ አላቅቆት ያርገበግበዋል። ጠርዙ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፣ የሲጋራ።

ጠርዙን ቀስ ብለው ገለጡት። ፈንታሌ አለ። የሳላው እግሮች አሉ። የፖስተሩን ፊት ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ጀርባው ላይ ጽፈው ለጥፈውታል። ሁለተኛውን ፕላስተር ማላቀቅ ጀመሩ።

«አባባ፣ እሱ አይነካም» አለ የበሩ ዘበኛ ከመቀመጫው ሳይነሣ። «ማህተም ያለበት ማስታወቂያ ነው።»

አቶ ፀሐዩ ቀና ብለው አዩ። እውነትም ከጽሑፉ ሥር ክብ ማህተም አርፎበታል፤ ከሰርተፊኬታቸው ላይ ያለው ያው ራሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማህተም ያለበትን ነገር ቀደው አያውቁም። «ልክ ነህ» አሉት ዘበኛውን። የገለጡትን ጠርዝ መልሰው፣ ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ተጫኑት።

ወይዘሮ አሰለፈች በር ላይ ጠበቋቸው። ፊታቸውን አይተው ያን ቀን አላሾፉም።

«አገኘኸው?»

«አዎ» አሉ አቶ ፀሐዩ፣ ኮታቸውን እያወለቁ። «ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።»