ወንዝ ዳር የተተከለው ዳስ

በሬዲዮ ስለ ባሕር ዳርቻ አውሎ ነፋስ ሲወራ እሰማለሁ። ነፋሱ ሳይደርስ ስም ያወጡለታል፤ ሰዉም ከዳርቻው እንዲነሣ ይነገረዋል። የእኛው የመተማ ቆላ ነፋስ ስም አልነበረውም። ይመጣል ያሉ ሰው ግን ነበሩ።

ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ እናርሳለን። በዚያ ዓመት ለአጨዳ ከጎጃም የመጡትን የቀን ሠራተኞች አባቴ ውሃ እንዳይርቃቸው ብሎ ዳሳቸውን ወንዝ ዳር አስተከላቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት፣ በወጣትነታቸው ሱዳን ወደብ ላይ የሠሩ ሰው፣ አንድ ጠዋት ቤታችን መጡ። እኔ ለሠራተኞቹ ዱቄት እየሰፈርኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ባሕሩ ዳር ሳለሁ እንዲህ ያለ ሰማይ አይቻለሁ። ነፋሱ ቤት ነቅሎ ነው የሚሄድ። ዳሱን ወደ ጉብታው እናውጣው።»

«ሰሊጡ እየረገፈ ዳስ ስታፈርሱ ልትውሉ ነው?» አለ አባቴ። «አንተ ሰውዬ፣ ወደ ሥራህ!»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ አንድ ቃል እንድጨምርላቸው ይመስለኛል። ዱቄቴን መስፈር ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሱዳን በኩል አቧራውን እየነዳ መጣ። የቤታችንን ቆርቆሮ ገነጠለ፤ ታጭዶ የተከመረውን ሰሊጥ በየሜዳው በተነው። ዝናቡ ሲጨመርበት ሠራተኞቹ ሮጠው ዳሱ ውስጥ ገቡ። ዳሱ በላያቸው ወደቀ፤ ወዲያው ደራሽ ጎርፍ መጥቶ እንጨቱንም ሰውንም ጠራርጎ ወሰደ። ሦስት ሰው ሞተ። የሁለቱን ሬሳ ከጭቃ አወጣን። የሽማግሌውን ግን አላገኘንም። የተረፉት እንደነገሩን፣ ሽማግሌው አንዱን ሠራተኛ ወደ ዳር ሲጎትቱ ነው ጎርፉ የወሰዳቸው።

ጉዳት ሊመዘግቡ የመጡ ሰዎች አባቴን ስንት ሄክታር ሰሊጥ እንደጠፋበት ጠየቁት። ቆርቆሮውንም ጻፉለት። ስለ ሟቾቹ ሲነገራቸው «የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደሉም» ብለው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ኅዳር ሲያልቅ የሽማግሌው ልጅ በጭነት መኪና መጣች። አባቴ «የእግዜር ቁጣ ነው ልጄ፣ ማን ያውቃል?» አላት። እኔ ወደ ወንዙ ወሰድኳት። ቆማ ውሃውን ብዙ አየችው።

«አባቴ ነፋስ ያውቅ ነበር» አለች። «እንዴት ብሎ ወንዝ ዳር ይተኛል?»

«እኔ እንጃ፣ እቴ» አልኳት።

የአባቷ የሆነ ነገር ካለ እንድሰጣት ለመነችኝ። ከጭቃው ከለቀምናቸው ማጭዶች አንዱን አንሥቼ «ይኼ የአባትሽ ነው» አልኳት። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።