ከመካነ ሰላም የዘገየ እርማት

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ሐኪም የላቦራቶሪ ወረቀቴን እያገላበጠች፣ «አባባ፣ በወጣትነትዎ ጡንቻዎ እየተርገበገበ፣ ጣትዎ እየደረቀ ያስቸግርዎ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ስጠይቅ የኖርኩ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ይህች ጥያቄ ግን ወደ ተማሪነቴ ዘመን መለሰችኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በሻይ ለምጄ ነበር። ቀስ በቀስ ሆዴ ተበላሸ፣ ክብደቴ ቀነሰ፣ የዓይኔ ቆብ ያለ ፈቃዴ መዝለል ጀመረ። ሐኪሟ ሕመሙ ሴሊያክ እንደሚባል ነገረችኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ አንጀቱን ይጎዳዋል። የተጎዳ አንጀት ደግሞ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ቫይታሚኑን ከምግብ ውስጥ በደንብ አይወስድም። «እነዚህ ሲያንሱ ጡንቻ ሳያዙት ይንቀሳቀሳል፣ ጣትም ይደርቃል» አለችኝ።

«አዎ፣ ነበር» አልኳት በመጨረሻ። «መካነ ሰላም አካባቢ።»

የመሬት አዋጁ በታወጀበት ዓመት በተማሪዎች ዘመቻ ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ የደጋ መንደር ተመድቤ ነበር። ረሃቡ ገና ከሰው ፊት አልለቀቀም። ወና የሆኑ ቤቶች አጥራቸው ፈርሶ፣ በራቸው ክፍት ሆኖ ቆመው ነበር። እኛ ዘማቾቹ የምንበላው ለእርዳታ ከመጣው ስንዴ ነው፤ ጠዋት ቆሎ፣ ቀን ንፍሮ፣ ማታ ቂጣ። አዲስ አበባ እናቴ ቤት ዘወትር የጤፍ እንጀራ ስለምበላ ሆዴ ብዙም አያስቸግረኝም ነበር። እዚያ ግን በሦስተኛው ወር ሱሪዬን በገመድ ማሰር ጀመርኩ። ባቴ ቆዳው ሥር ትል ያለበት ይመስል ይርገበገባል። የግራ ዓይኔም እንዲሁ። መንደርተኛው የግራ ዓይን ሲርገበገብ ክፉ ወሬ ይመጣል ይል ስለነበር፣ ያየኝ ሁሉ ከቤቴ ደብዳቤ መጣ ወይ እያለ ይጠይቀኛል።

ጎረቤታችን ሼህ ይመር የመንደሩን ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸው እመት ዘሀራ መክሳቴን ሲያዩ ዝም ማለት አልቻሉም። በዚያ አገር ለታመመ፣ ለአራስ፣ አጥንቱ ለተሰበረ የሚሰጠው ገብስ ነው። ጠዋት በሶ በጥብጠው፣ ማታ የገብስ ገንፎ መሐሉን ጎድጉደው ቅቤ ሞልተው ያመጡልኛል። «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ፣ ይኼ ጉልበት ነው!» ይሉኛል። እኔ በከሳሁ ቁጥር ገንፎው ይወፍራል። ረሃብ አልፎባት ከቀረች ጎተራ የወጣ እህል ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል?

ግንቦት ላይ አዋጁን ለገበሬው የማነብ እኔ ሆንኩ። የአካባቢው ባላባት ከአሽከሮቹ ጋር መጥቶ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ተሰብስበው እንደ ወፍ እግር ደረቁ። ወረቀቱ በእጄ ውስጥ ተጨማደደ፤ ክንዴ መንቀጥቀጥ ያዘ።

«ምነው፣ ወረቀቱን ብርድ መታው እንዴ?» አለ አንዱ አሽከር። «ጋቢ ደርቡለት!»

ገበሬዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ባላባቱ አልሳቀም፤ ተነሥቶ ልብሱን አራግፎ ሄደ። ይህ ከሳቁ ይልቅ ከበደኝ።

የቡድናችን መሪ ተስፋዬ ከስብሰባው በኋላ ለብቻዬ ጠራኝ። «ጓድ፣ ባላባት ፊት የሚንቀጠቀጥ ዘማች ለዚህ ሕዝብ ምን ያደርግለታል? ሁለት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ። ካልሆነ ፈርቷል ብዬ ሪፖርት እጽፋለሁ።» ዘመቻውን ያላጠናቀቀ ዩኒቨርሲቲ አይመለስም። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር።

ሼህ ይመር ይህን ሲሰሙ ዱዓ አደረጉልኝና፣ «ብርዱ ነው የበላህ፤ ቆላ እህቴ ዘንድ ውረድ» ብለው፣ ተስፋዬን አስፈቅደው በበቅሎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ላኩኝ። እዚያ ገብስም ስንዴም የለም። የማሽላ እንጀራ፣ ሹሮ፣ የፍየል ወተት። በሳምንቱ ሆዴ ረጋ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ባቴን ብመለከተው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሏል።

ስመለስ እመት ዘሀራ በደስታ ገንፎ ሠርተው ጠበቁኝ። በማግስቱ ሆዴ እንደገና ተነሣ። ሼህ ይመር የገንፎውን ሳህን አንሥተው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ዘሀራ፣ ይኼን ልጅ ብርድ አይደለም የጎዳው። ገብሳችን ነው።»

«ያ ረብ! እኔ ነኛ የገደልኩት! ልጄ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

«የለም፣ እመት» አልኳቸው። «ሰው በተራበበት አገር እህል መምረጥ የኔ ነውር ነው።»

«ነውሩን ለኔ ተወው» አሉኝ እመት ዘሀራ። «አንተ ማሽላህን ብላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘማቹን ስንዴ በማሽላ እየለወጡ አበሉኝ። ቀጠሮዬ ሲደርስ ሌላ ስብሰባ ላይ አዋጁን እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ እጄ ዝንፍ አላለም። ተስፋዬ ሪፖርቱን ተወው። ባላባቱ ግን በዚያ ሳምንት ሸፍቶ ጫካ ገብቶ ነበር። ስለዚህ የሆዴን ነገር በገብስ አሳበብኩ እንጂ የእጄን ነገር ለራሴ ይቅር አላልኩም። እሱ ስለሌለ ነው ያልተንቀጠቀጥኩት አልኩ።

የዚያን ዘመን ደብተሬ እስከ ዛሬ አለ። በዚያች የግንቦት ቀን ሥር፣ «ባላባቱ ፊት እጄ ከዳኝ። ምክንያቱ፦ ፍርሃት» የሚል በእርሳስ ተጽፎበታል። ከዚያ ወዲህ የብዙ ባለሥልጣን ፊት አይቻለሁ፣ ጦር ሜዳም ዘግቤአለሁ። የድምፅ መቅጃ በያዝኩ ቁጥር ግን መጀመሪያ የማየው የገዛ ጣቶቼን ነበር።

ከሐኪሟ ዘንድ ተመልሼ ደብተሩን አወጣሁ። ያን ቀን ጨርሶ አልፈራሁም አልልም፤ ጠመንጃው እውነተኛ ነበር። ጣቶቼን ያደረቃቸው ግን ፍርሃት አልነበረም። እመት ዘሀራ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ነግሬአቸው አብረን እንስቅ ነበር። ቀይ ብዕር አነሣሁና፣ በጋዜጣችን ስህተት ሲገኝ እናደርግ እንደነበረው፣ ከገጹ ግርጌ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እርማት፦ ‹ፍርሃት› ተብሎ የተጻፈው ‹ገብስ› ተብሎ ይነበብ።»