ባነሩን ሳናወርድ የተመለስንበት ቀን

ጌታ ይባረክ ወገኖች! ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ፈልጌ ነው የወጣሁት። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የመምህር ታደሰ ልጅ ሰላም ነኝ። መዘመር እንጂ መናገር አልለመድኩም፤ እባካችሁ ታገሡኝ።

ያደግኩት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጥቅስ በቃል በማጥናት የሚቀድመኝ አልነበረም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጌታን የማውቀው በአባቴ በኩል እንጂ በራሴ አልነበረም። የምወደው ሰው «ጎበዝ» ሲለኝ ነበር። ይኼን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሐያት የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እሷ ሙስሊም ናት፤ በረመዳን ምሳዬን ከክፍል ውጪ ነበር የምበላው፣ እንዳላስጎመጃት ብዬ። አሥረኛ ክፍል ሳለን ግራ ጉልበቷ አበጠ። ስፖርት ላይ ወድቃ ነው ተባለና ወጌሻ አሸው። ባሰባት። ሆስፒታል ስትሄድ ዶክተሩ ራጁን አይቶ ለእናቷ ወረቀት ሰጣቸው፤ «ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዷት፤ አንድ ሳምንትም ቢሆን አታባክኑ» አላቸው።

እናቷ አደ ፋጡማ እንግሊዝኛ አያነቡም። ወረቀቱን በሻርፓቸው ጠቅልለው እኛ ቤት መጡና እኔ አነበብኩላቸው። የአጥንት ካንሰር ይላል። እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችልም ይላል። እሳቸው ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ ለእሷ እንዳትነግሪ። በረቢ ይዤሻለሁ። ከሰማች ትሞትብኛለች።»

እኛ አገር እንዲህ ነው እኮ። ሕመሙን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ለታመመው ሰው ብቻ አይነገርም። ሐያት የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ተባለች። እኔም ዓይኗን እያየሁ ኢንፌክሽን ነው አልኳት።

ማሳከሚያ ገንዘብ ግን አልነበረም። አባቷ የሉም፤ እናቷ ሽንኩርት ነው የሚሸጡት። ጊዜው የአጨዳ ነበርና አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከእኛ ከአሰላ ወጣ ብላ ባለችው ኢተያ ዙሪያ ኮምባይነር ሲገባ የገበሬው እጅ ይፈታል፤ ዘካውን የሚያወጣ አለ፣ አሥራቱን የሚሰጥ አለ። ብር ሳይሆን ስንዴ እንለምን አልኩ። የሐያት አጎት አይሱዙአቸውን ሰጡን። ይህች ቤተ ክርስቲያን የድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ አዋሰችን። የኢተያው ኢማም ከጁምዓ በኋላ ተናገሩልን። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ፎቶዋን ይዤ ሄጄ ትልቅ ባነር አሳተምኩ፦ «እህታችንን ሐያትን ከካንሰር እንታደጋት»። ኢተያ ስለሆነ አታየውም ብዬ ነው።

ወገኖች፣ ጌታ የሰውን ልብ ይከፍታል! ከየማሳው ጆንያ በጆንያ ላይ ተጫነልን። እኔ ማይክ ይዤ ስናገር እናቶች አለቀሱ። አንድ አባት እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ስለ ሐያት እየጮህኩ ሐያትን ረሳኋት።

ከኢተያ ስንወጣ አጎቷ «ባነሩን እናውርደው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን የአሰላ ሰው እንዲያየን ፈለግኩ። ሰፈር ሳንገባ እናወርደዋለን አልኳቸው። ከተማውን ክላክስ እያደረግን አቋረጥን፤ ሰው ቆሞ እያየን ነው፣ እኔም ከላይ ሆኜ እጄን አነሳለሁ። ባነሩ ትዝ ያለኝ እነ ሐያት በር ላይ ስንቆም ነው።

ክላክስ ሰምታ በክራንች ወጣች። እየሳቀች ነበር። ከዚያ አነበበችው።

«የኢተያ ሰው ሁሉ ያውቃል?» አለችኝ።

እኔ የባነሩን ገመድ ለመፍታት እጣደፋለሁ።

«እንግዲያ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ» አለችና ገብታ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ አልሄድም አለች። ሁላችሁም ስትዋሹኝ ከርማችሁ አሁን ሕክምናው ያድንሻል ብትሉኝ ለምን አምናችኋለሁ አለች። እናቷ ለመኗት፤ አጎቷ ለመኗት። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ስንዴው እዚህ ዕቃ ቤት ተደርድሮ ተቀመጠ። እናንተ ደግሞ በዚያ እሁድ ስሜን ጠርታችሁ አጨበጨባችሁልኝ፤ ታስታውሳላችሁ? እዚያ ጋ ነበር የቆምኩት። እኔ የምሰማው ሐያት የዘጋችውን በር ድምፅ ነበር።

ሰው ሲወጣ ዕቃ ቤት ገባሁና በጆንያዎቹ መሃል ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ይኼን ሁሉ ለራሴ ስም ነው የሰበሰብኩት። ስላንተ ብዙ አውቃለሁ፤ አንተን ግን አላውቅህም። ማረኝ» አልኩት። ድምፅ አልሰማሁም፤ ራእይም አላየሁም። ግን ስነሳ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት አብሮኝ አልተነሳም። ዳግመኛ የተወለድኩት ያን ቀን ነው። ስሙ ይባረክ!

በቀጥታ እነ ሐያት ቤት ሄድኩ። አደ ፋጡማን እንዳትነግሪ ብለው የያዙኝን ላፈርስ ነው የመጣሁት አልኳቸው። በሩን ከፍተው ግቢ አሉኝ። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ባነሩንም ያላወረድኩት ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። «ወረቀቱን አምጪና አንብቢልኝ» አለች። «አንድም ቃል እንዳትዘይ።»

እያንዳንዱን ቃል እየተረጎምኩ አነበብኩላት። ስለ እግሯ የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ቀጥዪ አለችኝ፤ እስከ መጨረሻው ጨረስኩት።

«ከተቆረጠ በኋላም ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«ይኼን እንዳትዋሺ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለሰዉ ራሴ እናገራለሁ ስላለች ገበያ ወስደን አይሱዙው ላይ ደግፈን አወጣናትና ማይኩን ከእጄ ወሰደችው። በኦሮምኛ «አኒ ሐያት። ሂን ዱኔ» አለች። ሐያት ነኝ፣ አልሞትኩም ማለቷ ነው። የእኔ ሥራ ክራንቿን መያዝ ነበር። በዚያው ሳምንት ስንዴው ተሸጦ አዲስ አበባ ሄደች።

ቅዱሳን፣ እግሯ ተቆርጧል። ጌታ እግሯን ለምን እንዳላተረፈላት አላውቅም፤ እንደማውቅ ሆኜ አልናገርም፣ መዋሸት በቅቶኛል። ሕይወቷ ግን ተርፏል። ሃሌሉያ! መድኃኒቱን ጨርሳ፣ ፀጉሯ ተመልሶ በቅሎ፣ ዘንድሮ እንደገና አንድ ዴስክ ላይ ነን። እሷ በራሷ መንገድ ትጸልያለች፤ እኔ በኢየሱስ ስም እጸልያለሁ። ከእሷ በኋላም ለሌሎች ሁለት ሕመምተኞች ለምነናል፤ የባነሩን ጽሑፍ መጀመሪያ የሚያዩት ራሳቸው ናቸው።

ይኼንንም ምስክርነት ትናንት ለሐያት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግሬያታለሁ። ሁለት ነገር አስወጥታለች፤ እነሱን አልነግራችሁም። ስሜን ጥሪ፣ አንዲት እህት እንዳትዪ ብላኛለች።

ወገኖች፣ ጌታን እመኑት። እውነቱን ብትነግሩት አይሸሻችሁም፤ እኔን አልሸሸኝም። ቤታችሁ የታመመ ካለም ከእሱ ጋር ሆናችሁ እውነቱን ለመስማት አትፍሩ። ሰኞ የሐያት የክትትል ምርመራ ውጤት ይወጣል። ጸልዩልን። ወረቀቱን የምትቀበለው እሷ ናት፤ መጀመሪያ የምታነበውም እሷ ናት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።