ኋላው ዝቅ ያለው መኪና

በዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ሲያትል አብሮኝ ይኖር የነበረው ተስፋዬ ከፍ ያለ ኤስዩቪ ገዛና «ስታይል ነው» ብሎ ኋላውን ዝቅ አስደረገው። መኪናው ቁጭ ያለ ውሻ መሰለ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰላም ለምትባል ልጅ ብሎ ነው፤ ከአንድ የክርስትና ድግስ በኋላ ቤቷ ሊያደርሳት አስቦ።

ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ ድግሱ ቤት ደጃፍ ላይ ፓርክ ከማድረጉ፣ አስተባባሪው ጋሽ ከበደ የመኪናውን ኋላ አይተው «መጠጡ መጣ! ኑ አውርዱ!» ብለው ጮኹ። ወንዱ ሁሉ እጅጌውን እየሰበሰበ ወጣ። የኋላው በር ሲከፈት ባዶ ነው።

«ታዲያ ምን ከብዶት ነው እንዲህ ቁጭ ያለው?» አሉ ጋሽ ከበደ።

ሰላም በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች። ተስፋዬ አፈረ።

«ባሌስትራው ተሰብሮ ነው፣ ጋሼ።»

«በል በዚህ ሰው እንዳትጭን!» ብለው ተቆጡት። ድግሱ ሲያልቅም ሰላምን የእኔ አሮጌ መኪና ውስጥ አስገቧት።

መንገድ ስንጀምር ዞር ብላ የተስፋዬን መኪና አየችው።

«እና፣ ተሰብሮ ነው? እኔ እኮ አውቆ ዝቅ ያስደረገው መስሎኝ፣ እንዴት አራዳ ነው ብዬ ነበር።»

እውነቱን ልነግራት አሰብኩና፣ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።