ጥቁሩ ፋይል

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ሞልቶ ፎቶ አላነሳም ሲለኝ፣ ልጄ ከጎኔ ሆና «ጀስት ዲሊት ኢት፣ ማሚ» አለችኝ። ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። አንድ ነገር አጥፊ በተባልኩ ቁጥር ውጭ አገር፣ ሜልተን በምትባል የከተማ ዳር ሰፈር ያሳለፍኩት ክረምት ይመጣብኛል።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ጋሼ ታምራት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ወሩ ሐምሌ ነበር። እኔ የማውቀው ሐምሌ ጭቃና ዝናብ ነው፤ የሜልተኑ ግን የብርዱ ወቅት ስለሆነ ጠዋት ሣሩን አመዳይ አልብሶ ቀኑን ሙሉ በነፋስ የሚገርፍ ነው።

ጋሼ ለዓመታት ያጠራቀሟቸውን ፊልሞች ከሲዲ እየገለበጡ አንድ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አጭቀዋቸዋል።

«ልጄ፣ አንዱን ስፈልግ ይመሽብኛል። እስቲ መላ በይኝ» አሉኝ አንድ ቅዳሜ።

ኮምፒውተራቸውን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ፣ ፊልሞችን በየፖስተራቸው የሚደረድር ፕሮግራም ጫንኩላቸው። የውጭዎቹን በራሱ ለያቸው። የአማርኛዎቹን ግን ከየት ይወቃቸው! አንዱ አስቂኝ የሠርግ ፊልም ላይ የጦርነት ፖስተር ለጠፈበት፤ ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የአማርኛዎቹን ስም አንድ በአንድ ጻፍኩ። ለምሳ የሠሩትን ምስር ወጥ አብረን በላን፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። እንዳልቀሰቅሳቸው ድምፁን ዘጋሁት።

መጨረሻ ላይ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ አንድ ፋይል ቀረ። ከፈትኩት፤ ጥቁር ነው። ወደ ፊት አሳለፍኩት፤ አሁንም ጥቁር። የተበላሸ መሰለኝና አጠፋሁት። ቦታ ሲገኝ ሌሎች ፊልሞች ገለበጥኩበት።

ጋሼ ሲነቁ ፖስተሮቹን እያዩ መረቁኝ። ከዚያ «የወይንሸት ቪዲዮስ የት ገባች?» አሉ።

ለካ እትዬ ወይንሸት መቀረጽ አይወዱም ነበር። ስለዚህ ጋሼ አንድ ቀን ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ደፍተው፣ እትዬ ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ ድምፃቸውን ቀድተዋል። ጥቁሩ ፋይል ያ ነበር፤ ከእትዬ የቀረው ድምፅም እሱ ብቻ ነበር።

ፋይሉን እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው።

«ትንሽም አልሰማሽም? ምን እያለች ነበር?»

«ድምፁን ዘግቼው ነበር፣ ጋሼ።»

«ተይው በቃ» አሉ። «አውቀሽ አይደለም።»

ሰኞ ዲስኩን ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሌላ ተጽፎበታል፣ አይመለስም አለኝ። ጋሼ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ፊልም ሲያዩ ግን ዳግመኛ አላየሁም። ጥቂት ወራት ቆይቼ ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ለትምህርቱ ይቀርበኛል አልኳቸው እንጂ መሸሼ ነበር።

አሁን ጋሼ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው፤ በየበዓሉ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው ፋሲካ እጄን ይዘው «ድምጿ እኮ ጠፋብኝ» አሉኝ። «መልኳ ይታየኛል፤ ስትናገር ግን አልሰማትም።» ይቅር ያሉኝ ዕለት ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እያረጁ በሄዱ ቁጥር ግን ያጠፋሁት ነገር ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል፤ እኔም ይህን እያየሁ አጠገባቸው ከመቀመጥ በቀር የማደርግላቸው የለኝም።